አዝማቹ የሕዝቡ ነው

ጩኸት ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። የወንድሜን ሙዚቃ ጩኸት ነው ያለኝን ሰው ግን ሻይ እንኳ አልጋብዘውም። እኔ ሎሬን፣ ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ፣ ዛሬም ያ ዓይነት ዘፈን ከመኪና መስኮት ሲወጣ ከሰማሁ መንገድ ላይ ቀጥ እላለሁ።

ፓንክ ነው። የለንደን ልብስ ሱቆች በመስኮት የሚሰቅሉት ዓይነት ሳይሆን የኛው፣ የሬቨንሾ፣ የከሰል ጉድጓድ ሰፈር ፓንክ። የተጣደፈ ከበሮ፣ የሚያጓራ ጊታር፣ ሲጋራና ብርድ የሰነጠቀው ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ሥር ግን ዜማ አለ። አንዴ የሰማው ሰው ዕቃ ሲያጥብ ሳያስበው የሚያንጎራጉረው፣ ኳስ ሜዳ የሞላ ሕዝብ ሳይለማመድ የሚዘፍነው ዜማ። ግጥሙ ስለ ፈረቃ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቅዳሜ ነው። ቆሞ የሚያደንቀው የለም፣ ሁሉም አብሮ ይጮሃል እንጂ። እኛ ሰፈር ማንም ማንንም የሚያዳምጥበት ሌላ ቦታ አልነበረምና ነገሩ ሰዉን ቢይዘው አይገርምም።

የወንድሜ የክሬግ ባንድ «የመጨረሻው ፈረቃ» ይባላል። አራት ናቸው፣ አራቱም ጉድጓድ የሚወርዱ ልጆች። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፦ ዘፋኙ አዝማቹን አይዘፍንም። ክሬግ ስንኙን እየተንደረደረ ይወርድና አዝማቹ ጋ ሲደርስ አፉን ዘግቶ ማይኩን ወደ ሰዉ ያዞራል። ሰዉ ከዘፈነ ዘፈን አለ። ዝም ካለ ግን አራት ቂሎች ዕቃ እየደበደቡ ነው ማለት ነው።

«ካልዘፈኑልህስ?» አልኩት አንዴ።

«ካልዘፈኑማ ዘፈኑ የነሱ አይደለም ማለት ነዋ። ስንኙ የኔ ነው፣ አዝማቹ የሕዝቡ ነው።»

ከቤታችን ጀርባ ያለችው የከሰል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሲለማመዱ ሕዝቡ እኔ ነበርኩ። የእንጨት ማንኪያ ወደ አፌ ያስጠጋልኛል፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ እለቀዋለሁ፦

*እዚህ ነን፣ እዚህ ነን፣*
*ብትገፉን የትም አንሄድ፣ እዚህ ነን!*

አባቴ ሌስ ይሄን ሲሰማ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። «ዜማው እኮ ደህና ነበር! ምነው እንዲህ ታርደዋለህ?» ይላል። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ግን ያንኑ ዜማ ያፏጫል። እናቴ ታዲያ አትምረውም። «ሌስ፣ ምንድነው የምታፏጨው?» ስትለው፣ «ምንም፣ ድሮ የምናውቀው ነገር ነው» ብሎ ፊቱን በፎጣ ይሸፍናል።

ያ ሁሉ የጉድጓዱ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አድማ ከመምታታቸው በፊት ነው። የምነግራችሁ ክረምት ላይ አድማው ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጉድጓዱ ቆሟል፣ ደሞዝ የለም፣ ለሠራተኛ ቤት ይታደል የነበረው ከሰልም ቀርቷል። ከሰል ከእግራችን ሥር ተቀብሮ እኛ ከላይ እንንቀጠቀጣለን። ግድግዳው በውስጥ በኩል ውሃ ያወርዳል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እስላለሁ፣ ስተነፍስ ደረቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪም መጣ፣ ጀርባዬን በቀዝቃዛ ነገር ነካካ፣ ከዚያ እናቴን ወደ ደረጃው ጠርቶ አንሾካሾከ። እናቴ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ምን አለሽ?» ስላት፣ «ሾርባ ጠጪ አለ» አለችኝ። እኔም ሐኪም ተብሎ ለዚህ ነው የመጣው ብዬ ታዘብኩት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አባዬ ገና ሳይነጋ እየተነሳ ይወጣ ጀመር። ከከተማው ወዲያ ለአንድ ገበሬ አጥር እየሠራሁ ነው አለኝ። ገበሬው ደግ መሆን አለበት፣ ወዲያው ከሰል ቤታችን ገባ። ምድጃው ነደደ። እኔ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እግሬን ወደ እሳቱ ዘርግቼ እንደ ንግሥት ተቀመጥኩ።

ጣጣው በዚያው ሳምንት መጣ። ጎረቤት ሰላምታ አቆመ። ባጠገባችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ መንገዱን ይሻገራል። ከኔ ጋር ገመድ የምትዘልለውን ልጅ እናቷ ከመንገድ ላይ በክንዷ ጎትታ አስገባቻት። አንድ ቀን ከሰዓት በመስኮታችን ጡብ ገባ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ የተቀባ ነገር በሙቅ ውሃና በብሩሽ ስትፈትግ ደረስኩባት፣ ቀለሙ እስከ ክርኗ ወርዷል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ሂጂ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

«እማዬ፣ ምን አድርገናቸው ነው?»

ብሩሹን አቆመች። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁት። «የወንድምሽ ጩኸት ነው» አለች። «ሰዉ ሰለቸው። ቀንም ማታም ዱብ ዱብ፣ ማን ይችላል?»

አመንኳት። ለምን አላምንም? ከዚያ በኋላ የደረሰብን ሁሉ በሙዚቃው ተሳበበ። ጡቡ፣ በር ላይ የተቀባው፣ ዳቦ ቤት ውስጥ እኛ ስንገባ ዝም ጭጭ የሚለው ወረፋ፣ ሁሉም የክሬግ ጊታር ጥፋት ሆነ። ክሬግም ይሄን ሲሰማ አንድም ቀን አላስተባበለም።

እናንተ ገብቷችኋል። አባቴ የሚሠራው አጥር አልነበረም። አድማውን ሰብሮ ጉድጓድ ወርዶ ነበር። ንጋት ላይ መስኮቱ በብረት መረብ የታጠረ አውቶቡስ ከከተማው ዳር ይወስደዋል፣ ሌሎቹ ሠራተኞች በጉድጓዱ በር ግራና ቀኝ ተሰልፈው «ከሃዲ! ከሃዲ!» እያሉ አውቶቡሱን ይቀበሉታል። ወንድሜ ደግሞ አድማው ላይ ነው። እዚያው በር ላይ፣ ከሚጮኹት መሃል፣ በየቀኑ ይቆም ነበር። አባቱ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሩ ላይ አጎንብሶ ያልፋል፣ ልጁ ውጭ ቆሞ ያያል። ማታ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ድንች ይበላሉ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ጨው አቀብላለሁ።

ረቡዕ ዕለት ሆራስ መጣ። ሆራስ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው። አንድ ጊዜ የጉድጓዱ ጣሪያ ተንዶ አባቴን ድንጋይ ሲጭነው በእጁ ቆፍሮ ያወጣው እሱ ነው። በዓመት በዓል እኛ ቤት ነው የሚበላው፣ እኔን ትከሻው ላይ ሳይሰቅለኝ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ደጃፉ ላይ ቆመና አልገባም አለ። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ «ሆራስ» ሲለው፣ ሆራስ እንዳልሰማ ሆነ። በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ «ክሬግን ጥሩልኝ» አለ።

ክሬግ ወጣ። እኔ በሩ አጠገብ ከተሰቀሉት ኮቶች ሥር ተሸጉጬ እሰማለሁ።

«ቅዳሜ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ትጫወታላችሁ ተብሎ ተለጥፏል» አለ ሆራስ።

«አዎ። ለአድማው ኩሽና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው።»

«ሦስቱ ይጫወታሉ። አንተን አላውቅም።»

«እኔ አድማ ላይ ነኝ ሆራስ! በሩ ላይ አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ? አይተኸኝ የለ እንዴ?»

«አይቼሃለሁ። ማታስ የማንን እሳት ነው የምትሞቀው?»

ክሬግ አንገቱን ወደ ቤቱ ውስጥ መለስ አደረገ።

«ስማኝ» አለ ሆራስ። ድምፁ ዝቅ አለ፣ የተቆጣ አይመስልም፣ የደከመው ነው የሚመስለው። «ሁሉ ሰው ባለበት አቋምህን አሳይ። ካላሳየህ ጀርባቸውን ነው የሚሰጡህ። እኔም እሰጥሃለሁ። አንድ ቀን ይሄ ነገር ያልቃል፣ ጉድጓድ እንወርዳለን። ታች ከጎንህ የሚቆም ሰው ከሌለህ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ።»

ሲሄድ እኔ ከኮቶቹ ወጣሁ። «ምንድነው ያለህ?»

ክሬግ በሩን ዘጋ። «ቅዳሜ ጥሩ ካልዘፈንክ ሰዉ ጀርባውን ይሰጥሃል አለኝ።»

«ትዘፍናለሃ! አንተኮ ጎበዝ ነህ!»

«አዎ» አለኝና ጸጉሬን በታተነው።

በቃ፣ ለኔ ነገሩ ተፈታ። ውድድር ነው። ክሬግ ቅዳሜ አሳምሮ ከዘፈነ ሰዉ ሙዚቃውን ይወደዋል፣ ሙዚቃውን ከወደደው እኛን ይታረቀናል፣ እኔም ገመድ እዘልላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እየሳልኩ ለእሱ ስጸልይ አደርኩ።

አርብ ዕለት የማይረሳኝ ነገር አየሁ። ምሳ ሰዓት አልፏል፣ አባዬ ከሥራ ተመልሷል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ከክሬግ ጋር ይነጋገራሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች፣ ግን አንዱን ሰሃን ነው ደጋግማ የምታጥበው።

«አላደርገውም» አለ ክሬግ።

«ታደርገዋለህ።»

«አባዬ፣ ተወኝ በናትህ!»

«አፌን ከፍቼ ስምህን ልጥራ ነው የምትለው? ስም መጥራት የለብህም። እሱን ማንም አይጠይቅህም።» አባቴ ከበሩ ጀርባ የሥራ ጃኬቱን አነሳ። ጥቁርና ወፍራም፣ ግራ እጅጌውን ድንጋይ የቀደደው፣ እናቴ ሌላ ክር አጥታ በቀይ የሰፋችው ነው። «እሱን ልበስና ውጣ። ሁሉም ያውቀዋል።»

ከዚያ ድምፁን ቀነሰ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ያየሁት ክሬግ አንገቱን ደፍቶ እጁን ሲዘረጋ ነው። አባቴ ጃኬቱን አለበሰው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ከታች ጀምሮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈለት፣ የኮሌታውን እጥፋት አስተካከለለት። እናቴ ሰሃኑን ገንዳው ውስጥ ለቀቀችው።

እኔ ደስታዬን መቻል አቃተኝ። አባዬ ሙዚቃውን ወደደለት! ጃኬቱን ሸለመው! ሮጬ ገብቼ የሁለቱንም እግር አንድ ላይ አቀፍኩ። «እኔም እሄዳለሁ! ቅዳሜ እኔም እሄዳለሁ!»

«አትሄጂም» አለች እናቴ ሳትዞር።

«ትሂድ ብሬንዳ» አለ አባቴ። «ከዚህ ቤት አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር።»

ቅዳሜ ከሰዓት የሠራተኞች ክበቡ ታጭቆ ነበር። እርጥብ ኮት፣ ሲጋራ፣ የተቀቀለ ድንች ይሸታል። መስኮቶቹ በትንፋሽ ታፍነዋል። ልጆች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ባቄላና ቋሊማ ይበላሉ። ኩሽናውን የምትመራው አክስት ዶሪን ናት፣ ዘመዳችን ሳትሆን ሰፈሩ ሁሉ አክስት የሚላት፣ ክንዷ የወንድ የሚያህል፣ ባሏ ከፖሊስ ጋር ተጋጭቶ የታሰረባት ሴት። ክሬግ እጄን ይዞ ሲያስገባኝ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰዉ ጃኬቱን አየው። ከዳር ዳር ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል።

«ደፈረ! ደግሞ ለብሶት መጣ!» አለ አንዱ።

ዶሪን መጥታ ከክሬግ እጅ እጄን ወሰደች። ለሱ አንድ ቃል አልተናገረችውም። እኔን ከመድረኩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጫፍ አስቀመጠችኝና ሰሃን አቀረበችልኝ። «ብዪ የኔ ዓለም። ልጅ ምን ታውቃለች» አለች ለራሷ ይመስል።

መድረክ ይባላል እንጂ ከጉልበት የማይበልጥ የጣውላ እርከን ነው። ሦስቱ ልጆች ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ከክሬግ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ክሬግ ማይኩ ጋ ቀረበ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ሆራስ፣ ከፊት ረድፍ መሃል ላይ፣ ቀስ ብሎ ጀርባውን አዞረ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ወለሉ የጫማ ድምፅ ብቻ ሆነ። ወንድ ሴቱ፣ ሽማግሌው ወጣቱ፣ አዳራሹ እንዳለ ግድግዳውን እያየ ቆመ።

እኔ ጨዋታ መሰለኝ። ሳቅሁ። ዶሪን ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ።

ከበሮው ተነሳ። ክሬግ ስንኙን ጀመረ፣ ስለ መጀመሪያው ፈረቃ፣ ስለ ጨለማው፣ ጥርስ ብቻ ስለሚታይበት ፊት። እንደዚያ ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ዜማው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ጀርባ ወደደም ጠላም ሲወዛወዝ፣ የአንዱ ተረከዝ ምቱን ሲመታ እያየሁ ነው። አዝማቹ ጋ ደረሰ። ማይኩን ዘረጋ።

ዝም።

ጊታሩ ብቻውን ዜማውን ዞረ። እኔ ልዘፍን አፌን ከፈትኩ፣ ሳል ቀደመኝ። ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ስጨርስ አዝማቹ አልፎ ክሬግ ሁለተኛውን ስንኝ ይዞ ነበር። ስህተት ሰርቶ ይሆን? ዜማውን ዝቅ አድርጎት ይሆን? ሁለተኛው አዝማች መጣ። ማይኩን ዘረጋ።

ዝም።

ክሬግ ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከበሮው ቆመ። ጊታሩ ብቻ በቀስታ ዜማውን ይደጋግማል፣ ልጁ ምን እንደሚሆን ስላላወቀ ነው መሰለኝ። ክሬግ ቁልቁል ጃኬቱን አየ። ከዚያ ወደኔ አየ። ዓይኑ ምን እንደሚለኝ አላወቅሁም፣ በርታ ለማለት አውራ ጣቴን አነሳሁለት። ያኔ ከታች ጀምሮ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረ።

ሞቀው ብዬ አሰብኩ።

ጃኬቱን አውልቆ ከመድረኩ ወለሉ ላይ ጣለው። ዘሎ ወረደበት። በሁለት ጫማው ቆመበት። ከዚያ ሰው ከጭቃ መጥቶ እግር መጥረጊያ ላይ እንደሚያደርገው ሶሉን ጠረገበት፣ አንዱን እግር፣ ሌላውን እግር፣ ቀስ ብሎ፣ ቀይ ክሩ እስኪተረተር።

ጀርባውን ያልሰጠ ትልቅ ሰው ዶሪን ብቻ ነበረች፣ እኔን ይዛ ስለቆመች። አየችው። «ሆራስ» አለች። ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «አድርጎታል። ዙር።»

ሆራስ ዞረ። ወለሉ ላይ ያለውን ጃኬት አየ። ያን እጅጌ ከድንጋይ ሥር ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ማይኩን አነሳና ለክሬግ አቀበለው። ያኔ አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ክሬግ ጃኬቱ ላይ እንደቆመ ማይኩን ወደ ሰዉ ዘረጋ።

እናንተ! ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። ሰሃኖቹ ጠረጴዛው ላይ ዘለሉ። ሽማግሌዎች የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ሴቶች ማንኪያቸውን ይዘው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እዚህ ነን፣ እዚህ ነን! ዶሪን ብድግ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችኝ። ሳሉ ከየት እንደሄደ እንጃ፣ ጠፋ። ዘፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም፣ ሰርጌን ጨምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ስናገር ይቀፈኛል፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው። የክሬግ አፍ ተዘግቶ ነበር። ሕጉን ማክበሩ ነው ብዬ ኮራሁበት።

እናቴ የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደረጃው ላይ ያላት ሾርባ አልነበረም፣ ይቺ ልጅ በዚህ ቅዝቃዜ ክረምቱን አትወጣም ነው ያላት። አባቴ በማግስቱ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። የጃኬቱም ሐሳብ የራሱ ነበር። አርብ ዕለት ድምፁን ቀንሶ ለክሬግ ያለውን ሰምታዋለች፦ «እኔ ለነሱ አልቄያለሁ። አንተን ግን አብሬ አላስቀብርም። ርገጠው፣ እኔ እቤቴ ሆኜ እመርቅሃለሁ።» አድማው ሲያበቃ ቀስ ብለው ሊገናኙ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ ፊት የተደረገ ነገር እኛ አገር አይሻርም። ክሬግ በዚያው ቀን ከበሮ መቺው ቤት ገባ፣ በደጃችን ቢታይ የዘፈኑለት ሁሉ ይከዱታል። አድማው አለቀ፣ ጉድጓዱም ራሱ ተዘጋ፣ ያ ነገር ግን አልተዘጋም። አባቴ ሲቀበር ክሬግ መጥቶ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመ። እኔ ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ይሄን ሁሉ እናቴ ስትነግረኝ ልጄን ታቅፌ ነበር፣ ጡቴ ነጠፈ።

ያን ቅዳሜ ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም። ሰዉ ሲበተን ጃኬቱ ወለሉ ላይ ቀረ፣ ማንም ሊነካው አልፈለገም። ክሬግ ረስቶት ነው ብዬ አነሳሁት። ከበደኝ፣ ግን አቅፌው ሄድኩ። ዶሪን እስከ መንገዳችን መታጠፊያ ሸኘችኝና ቆመች። «ከዚህ በኋላ ራስሽ ሂጂ» አለችኝ። ቤታችን ከዚያ ይታያል። ለምን አትመጪም ብላት፣ ጎንበስ ብላ ኮቴን አጥብቃ ቆለፈችልኝና ሄደች።

አባዬ እሳቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሬዲዮ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩን እያየ ነበር። እናቴ ፎቅ ላይ ናት፣ ስትራመድ ጣውላው ይሰማል።

«ክሬግ ረሳው!» አልኩና ጃኬቱን ጭኑ ላይ ጣልኩለት። «ሞቆት አወለቀው። ከዚያ ረገጠው፣ አባዬ፣ ሳያውቅ ነው፣ እየዘፈነ ነበር።»

አባቴ ጃኬቱን ዘረጋው። የሶሉ ምልክት ጭቃ ሆኖ ጀርባው ላይ ወጥቷል። በመዳፉ ዳበሰው እንጂ አላራገፈውም።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ ዘፈኑለት!»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! መጀመሪያ ዞረው ነበር፣ ጨዋታ ነው። በኋላ ግን ሁሉም!»

«ዶሪን?»

«አዎ።»

«ሆራስስ?» አለ። «ሆራስ ዘፈነ?»

«እሱማ ማይኩን ራሱ ነው ያቀበለው! በትልቁ ነው የዘፈነው፣ አፉ እንዲህ ተከፍቶ!» አፌን ከፍቼ አሳየሁት።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። «በቃ» አለ። «ሆራስ ከዘፈነ ማንም አይነካውም።»

ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ወደ እሱ ሳበኝ።

«አንቺስ? አንቺም ዘፈንሽ?»

«እኔማ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ!» አልኩት። «ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ!»

«ጎበዝ» አለኝ አባቴ። «ጎበዝ የኔ ልጅ።»